በጦሳ ግርጌ ለሚገኝ ትንሽ ጓሮ ምን ልትከል?

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የራሴ የምለው የአትክልት ቦታ እንዲኖረኝ ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያደግሁት ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ወንዝ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ትዳር ይዤ ወደ ደሴ ከወጣሁ በኋላ ግን የኖርኩት በኪራይ ቤት ነው። በኪራይ ቤት ሰው አበባ በቆርቆሮ ይተክላል እንጂ ዛፍ አይተክልም፤ ዛፍ የሚተክለው ፍሬውን እስኪያይ ድረስ በዚያው እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው ነው። ቤት በለቀቅን ቁጥር ጤና አዳሜን ከነቆርቆሮው ይዤ ስሄድ፣ ሥሩ መሬት የሚነካበትን ቀን እናፍቅ ነበር።

አሁን እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከባለቤቴ ቤተሰቦች ባገኘነው ይዞታ ላይ ቤት ሠርተን ገብተናል። ከቤቱ በስተጀርባ ወደ 80 ካሬ ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለን። ቦታው በጦሳ ግርጌ በመሆኑ ተዳፋት ነው፤ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ የጠዋት ፀሐይ አይጠፋበትም። አፈሩ ጥቁር ሲሆን በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ከጫማ ጋር ተጣብቆ ይነሳል። ከላይ በኩል የጎረቤት ባሕር ዛፍ አጥሩን ተጠግቶ ቆሟል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው በሮቶ እያጠራቀምን ነው።

ልተክላቸው የምመኛቸው ማንጎ፣ ቡና፣ አቮካዶ፣ ጌሾ፣ ጽጌረዳና እናቴ በጓሮዋ የነበሯት ሽታ ያላቸው ቅጠሎች ሁሉ ናቸው። ማንጎውን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት በልጅነቴ ከሥሩ ስለተጫወትኩ ነው። የትኞቹ እንደሚሆኑልኝ፣ የትኞቹን ደግሞ መተው እንደሚገባኝ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የሸዋ በር አባወራ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። በመጀመሪያ ስለ ማንጎው እውነቱን ልንገርሽ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ግን ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በሐረጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ሁሉ ጋቢውን በየትኛው መታጠፊያ ላይ እንደሚያወልቅ ያውቀዋል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ በእናትሽ ግቢና በአንቺ ግቢ መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ይህ ለሰው አንድ ሹራብ ነው፤ ለማንጎ ግን በማፍራትና ባለማፍራት መካከል ያለው ልዩነት ነው። እንዲያውም ማንጎ እኛም ዘንድ እጅግ አይመቸውም፤ ደስ የሚለው ወደ ሐርቡና ወደ ባቲ ዝቅ ባለው ሙቅ ቦታ ነው። አንቺ ዘንድ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ገና ለጋ ሳለ ቅጠሉን ያጠቁረዋል።

ቡናም ከዚህ አይርቅም። ደሴ ላይ ተክለሽ ቅጠሉ አምሮ ልታዪው ትችያለሽ፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ግን እድገቱ ይዘገያል፣ ብርዱም ይጎዳዋል፤ ለጀበና የሚበቃ ፍሬ ከእርሱ አትጠብቂ።

ይህን የምልሽ ምኞትሽን ለማቀዝቀዝ ብዬ አይደለም፤ አብሽሪ። ደጋ የራሱ የሆነ በረከት አለው፤ እኛ እዚህ ታች ሆነን የማናገኘውን አንቺ ታገኛለሽ። ዝርዝሩን ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ማንጎው ማዘኔ አልቀረም፤ ነገር ግን ዛፉ በየዓመቱ ውርጭ እየበላው ሲንገላታ ከማየት አለመትከሉ እንደሚሻል ገባኝ። ለደጋ የሚስማማውን የሚያውቅ ሰው ካለ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

አረንጓዴ እርከን (ደሴ ዙሪያ)

በግብርና ሥራ ላይ ያለሁ ባለሙያ ነኝ። ጋሼ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ከእርሱ ልቀጥል። ለእርስዎ ግቢ መጀመሪያ የማስበው ፖም ነው። ፖም ቅጠሉን አራግፎ የሚያንቀላፋበት ቀዝቃዛ ወቅት የሚፈልግ ተክል ነው። በአውሮፓ የሚተከሉት ብዙዎቹ ዝርያዎች ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነበት 1,000 ሰዓት ያህል ስለሚፈልጉ ለእኛ አገር አይሆኑም። ከእስራኤል የመጣው «አና» እና ከባሃማስ የተገኘው «ዶርሴት ጎልደን» ግን በጥቂት መቶ ሰዓታትና ከዚያም ባነሰ ቅዝቃዜ ያብባሉ። በደቡብ ያለችው ጨንቻ በፖሟ ስሟ የተጠራው ከፍታዋ ለዚህ ስለረዳት ነው፤ የደሴ ከፍታም ከእርሷ ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ፤ እባክዎ አንድ የፖም ችግኝ ብቻ ገዝተው አይሂዱ። አብዛኛው ፖም በራሱ የአበባ ብናኝ በደንብ አያፈራም። «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» በአንድ ሰሞን ስለሚያብቡ፣ ሁለቱ ከ3 እስከ 4 ሜትር ተራርቀው ቢተከሉ ንቦች ሥራውን ይሠሩታል። ብዙ ሰው ፖሙ አበባ አሳይቶ ፍሬ እንደነፈገው ሲያማርር እሰማለሁ፤ ግቢውን ሳየው በአብዛኛው ዛፉ ብቻውን ቆሞ አገኘዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅጠሉ ነው። በእኛ ደጋ ብርዱ ፖሙን ሙሉ በሙሉ አያስተኛውም፤ ስለዚህ አሮጌው ቅጠል ሳይረግፍ ይቆያል፣ አዲሱ እምቡጥም ይዘገያል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉን በእጅ ማራገፍ ያስፈልጋል። ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ይዘው ቅጠሉን አንድ በአንድ ከአንገቱ ላይ ይቁረጡ፤ ወደ ታች ጎትተው አይላጡት፤ ምክንያቱም የመጪው ዓመት አበባ የሚወጣበት እምቡጥ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህለው ያቺ ቡናማ ነገር፣ ልክ ከቅጠሉ አንገት ሥር ተቀምጣለች። በዚያው ጊዜ የተጠላለፉትን ቅርንጫፎች ቢገርዙ ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል።

ጉድጓዱ 60 ሴንቲ ሜትር በ60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጥልቀቱም ያን ያህል ይሁን። ሲቆፍሩ የላዩን ለም አፈር በአንድ ወገን፣ የታቹን በሌላ ወገን ያስቀምጡ፤ ሲመልሱ የላዩን አፈር በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለው ወደ ሥሩ ያድርጉት። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የተዳቀለበት ቦታ፣ ማለትም የመልካሙ ዝርያ ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር የተጣበቀበት፣ ጠባሳ የሚመስለው እብጠት፣ ከአፈር በላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታየት አለበት።

የሆጤ እናት (ደሴ)

ፖሙ መልካም ነው፤ ኮክን ግን አትርሺ እህቴ። ኮክ ብቻውንም ያፈራል፣ ከፍሬው ተዘርቶም በሦስትና በአራት ዓመት ይደርሳል። የሚያስቸግረው የፍራፍሬ ዝንብ ነው፤ ዝንቡ ሳይበስል ይወጋውና ውስጡ ትል ይሆናል። የወደቀውን ፍሬ በየዕለቱ ለቅመሽ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር እንጂ ከዛፉ ሥር መተው አይገባም፤ የሚቀጥለው ዝንብ የሚወጣው ከዚያው ነውና።

ስለ ጌሾ ስትጠይቂ ደስ አለኝ፤ ለደሴ ግቢ ከጌሾ የሚስማማ ተክል አላውቅም። ከወይና ደጋ አንሥቶ እስከ ከፍተኛው ደጋ ድረስ ይበቅላል፤ ጥቂት ጥላም አይጎዳውም፤ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ለራስሽ ጠላ ባትጠምቂ እንኳ፣ ለማኅበርና ለዝክር የሚደግስ ጎረቤት አይጠፋምና ሰው ደጅሽን ያንኳኳል። እኔ ጌሾ የተከልኩት ለሽያጭ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን አብዛኛው ለጎረቤት ነው የሚሄደው፤ በለውጡም ብዙ ነገር ይመጣልኛል።

ሽታ ያላቸውን ቅጠሎች በተመለከተ፣ ለወጥ ቤትሽ በር ቅርብ አድርጊያቸው። ጤና አዳም ለቡናው፣ ዳማ ከሴ ለምች፣ አሪቲውና አደሱ ለቅቤው፣ ጦስኝ ለሻዩ፤ እነዚህ በሩቅ ከተተከሉ ሰው ይሰንፍና ሳይቆርጣቸው ይቀራል፣ ካልተቆረጡም እንጨት ይሆናሉ። ጤና አዳም ብዙ ውኃ አይወድም፤ በጥቁር አፈር ላይ ቆሞ ክረምት ከመጣበት ሥሩ ይበሰብሳል። አንቺ ያልሽው የቆርቆሮ ጤና አዳም መሬት ሲነካ ድንጋይና አሸዋ የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ሥሪለት። በሶብላን ደግሞ የታኅሣሥ ብርድ ስለሚያጠፋው ብርዱ ካለፈ በኋላ ዝሪው። ኮሰረት ከፈለግሽ ግን በግድግዳ ሥር፣ ሙቀት በሚጠራቀምበት ቦታ ሞክሪው።

ድንጋይ ካብ (ደሴ)

በግንባታ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ተክሉ ሳይሆን ስለ ተዳፋቱ ልናገር። የደሴ ዳገቶች ለመሬት መንሸራተት የተጋለጡ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ከሥሩ ካለው ድርብርብ ላይም ይንሸራተታል። ሰዎች ጓሮ ሲያሰናዱ የሚሠሩት የመጀመሪያ ነገር ዳገቱን ከግርጌው ቆርጦ ሜዳ ማድረግ ነው። ይህን እንዳያደርጉት አደራ እላለሁ፤ ከግርጌ የተቆረጠ ዳገት ድጋፉን ያጣልና።

ይልቁንም በላይኛው አጥር ሥር፣ ጎርፉ ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት የሚቀበለው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ቀስ ባለ ተዳፋት ውኃውን ወደ መደበኛው የመንደር ቦይ ያውጣው እንጂ ወደ ታችኛው ጎረቤት አይልቀቀው። ከቦዩ በታች ዝቅ ያሉ እርከኖችን ሠርታችሁ ጠርዛቸውን ቬቲቨር ወይም ደሾ ሣር ብትተክሉበት ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል። የወጥ ቤትና የልብስ እጣቢ ውኃ በዳገቱ ውስጥ እንዲሰርግ መተው በጋም ክረምትም አፈሩን እርጥብ ያደርገዋል፤ ለተክል የሚጠቅም ቢመስልም ለቤቱ መሠረት አደገኛ ነው።

ይኸው ቦይ ሁለት ጊዜ ይጠቅማችኋል። የባሕር ዛፍ ሥር ውኃውን ተሻምቶ ስለሚጨርስ፣ ገበሬዎች በማሳቸውና በባሕር ዛፉ መካከል ቦይ ቆፍረው ሥሩን በየዓመቱ ይቆርጡታል። ቦዩን በዚያ በኩል ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ብታጠልቁት ሁለቱም ሥራ በአንድ ድካም ይጠናቀቃል። ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ መስማማቱ ግን ይቅደም።

አረንጓዴ እርከን (ደሴ ዙሪያ)

ወንድሜ የጻፈውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ወደ አፈሩ ስንመለስ፣ የውኃ አወራረዱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። 60 ሴንቲ ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ቆፍረው ውኃ ይሙሉት፤ ሲጠልቅ ደግመው ይሙሉት። ሁለተኛው ውኃ በማግሥቱም ከጉድጓዱ ውስጥ ካልጠፋ፣ እዚያ ላይ ፖምም ሆነ አቮካዶ በጉድጓድ መትከል አይገባም። ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ሰፊ ጉብታ ተሠርቶ በጉብታው ላይ ይተከላል። አቮካዶ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ በሥር አበስብስ በሽታ ስለሚሞት በዚህ ረገድ ከሁሉም ይብሳል።

ስለ አቮካዶ ተስፋ አላስቆርጥዎትም። በእኛ ከፍታ እድገቱ ይዘገያል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች በለጋነቱ ከውርጭ በሣር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት መሸፈን ይኖርብዎታል። «ፉዌርቴ» የተባለው ዝርያ ከ«ሃስ» ይልቅ ብርድ ይችላል። ከፍሬ የበቀለውን ግን አይግዙ፤ ያ ለማፍራት 7 ወይም 10 ዓመት ሊወስድ ይችላል፣ የፍሬውም ዓይነት አይታወቅም፤ የተዳቀለው ግን በሦስትና በአራት ዓመት ይጀምራል።

የጢጣ መምህር (ደሴ)

ሁላችሁም ስለ ዛፍ ስትጽፉ፣ እኔ ስለ ጓዳው ልጠይቅ። 80 ካሬ ሜትር ለቤተሰብ ጎመን፣ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት የሚበቃ ቦታ ነው። የሽንኩርቱን ዋጋ እያየን፣ መሬቱን በሙሉ ለዓመታት ለማይደርስ ዛፍና ለጽጌረዳ መስጠቱ ትክክል አይመስለኝም።

የሆጤ እናት (ደሴ)

መምህር፣ ሐሳብዎ ለኑሮ የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ አይጣሉም። ዛፎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ በመካከላቸው ያለው መሬት ፀሐይ ያገኛል። በዚያ ላይ ጎመኑም ነጭ ሽንኩርቱም ይበቅላል፤ ዛፉም አብሮ ይኮተኮታል። ጥላው ሲሰፋ አትክልቱ ወደ ዳር ይወጣል። ጽጌረዳውን ግን አልተውም። ሴትዮዋ ለዓመታት በሰው ግቢ ስትኖር የተመኘችው ጎመን ብቻ አይደለም፤ ጎመን ከሰኞ ገበያ ይገዛል። ከራስ ደጃፍ ላይ በጠዋት ተቆርጦ ማሰሮ ውስጥ የሚገባ አበባ ግን አይገዛም። ደግሞም አጥር ሥር ለሚቆም ጽጌረዳ የሚሄደው መሬት አንድ ክንድ አይሞላም፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ በክረምት መግቢያ ተቆርጦ ቢሰካ ይይዛል።

ቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)

ይቅርታ፣ ርእሱን እንዳልለውጠው እሰጋለሁ፤ ግን እኔም በኮምቦልቻ ትንሽ ጓሮ አለኝ። ፓፓያ ተክዬ አበባ በአበባ ሆኖ ፍሬ የለውም። ችግሩ ምን ሊሆን ይችላል?

የሸዋ በር አባወራ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ወንዴ ፓፓያ ይሆናል። አበባውን ቀርበህ ተመልከተው፤ ረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀጭንና ብዙ ከሆነ ወንዴ ነው። ሴቴዋ አበባ ትልቅና ወፍራም ሆና ግንዱን ተጠግታ ትቀመጣለች፤ ከፍተህ ብታያት ከውስጧ ትንሽ ፍሬ የሚመስል ነገር አለባት። ችግኙ ትንሽ ሳለ ወንዴና ሴቴው አይለይም። ስለዚህ በአንድ ቦታ ሦስት ያህል ችግኝ ተክለህ ሲያብቡ ወንዴዎቹን ማውጣት፣ ለብናኙ ግን በግቢው አንዱን ማስቀረት ያስፈልጋል። ውኃ የሚያቁር ቦታም አትምረጥለት። የደሴዋ እህታችን ግን ይህን በዝርዝሯ ውስጥ አታስገባ፤ ፓፓያ ከማንጎም ይልቅ ብርድ ይፈራል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ጓሮውን በወረቀት ላይ ሠርተነዋል። በጉድጓዱ የሞላነው ውኃ በላይኛው በኩል በማግሥቱ ጠፍቶ ነበር፤ በታችኛው በኩል ግን ቆሞ አገኘነው። ስለዚህ ሁለቱን ፖሞች ከላይኛው እርከን ላይ፣ ከባሕር ዛፉ በቻልነው መጠን አርቀን፣ ኮኩን ደግሞ መካከል ላይ ልናደርግ ነው። ጌሾው በሰሜኑ አጥር ሥር ይሰለፋል። በታችኛው በኩል ከፍ ያለ መደብ ሠርተን ለመምህሩ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት እንሰጠዋለን። አንድ የተዳቀለ አቮካዶ በቤቱ ግድግዳ አቅራቢያ፣ ነፋስና ውርጭ በማያገኘው ጥግ፣ በጉብታ ላይ እሞክራለሁ፤ እርሱ እንኳ ባይሆንልኝ ሌላው ይበቃኛል። ማንጎና ቡናውን ከእናቴ ግቢ ማምጣቴን እቀጥላለሁ። ጽጌረዳው ከመንገድ በኩል ያለውን አጥር ይይዛል፣ ጤና አዳሙም ከወጥ ቤቱ በር ሥር ይሆናል።

አሁን ያለነው በግንቦት ነው። ቦዩን ዘንድሮ ቆፍረን ሁሉንም በሐምሌ መትከል እንችላለን ወይስ አንድ ክረምት ማሳለፍ ይሻላል? ብጠይቃችሁ ጊዜው ረዘመ ብላችሁ እንዳትቆጡኝ፤ እኔ በዚህ ዓመት አንድ ነገር መሬት ሲነካ ማየት እፈልጋለሁ።

ድንጋይ ካብ (ደሴ)

ቦዩ ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት፣ በሰኔ አጋማሽ ማለቅ አለበት። እርከኑን ግን ዘንድሮ ጠርዙን በሣር ብቻ አስይዙት፤ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከታየ በኋላ ድንጋዩ ይካባል። ውኃው የሚመርጠውን መንገድ ሳያዩ የተካበ ካብ በአንድ ክረምት ሆዱ ያብጥና ይወድቃል።

አረንጓዴ እርከን (ደሴ ዙሪያ)

ስለዚህ መልሱ በሁለት ይከፈላል። ጌሾው፣ ኮኩ፣ ጽጌረዳውና የወጥ ቤት ቅጠሎቹ ዘንድሮ በሐምሌ መጀመሪያ፣ መሬቱ በደንብ ከረጠበ በኋላ ይተከሉ። ፖሙና አቮካዶው ግን እርከኑ እስኪረጋ አንድ ዓመት ቢቆዩ ይሻላል፤ ጉድጓዳቸውንና ጉብታቸውን በሚቀጥለው በጋ አስቀድመው ቢያዘጋጁት አፈሩ ከፍጉ ጋር ይዋሃዳል። ወሎ የበልግ ዝናብም ስላለው በየካቲትና በመጋቢት መትከል የሚፈትናችሁ ጊዜ ይመጣል፤ በልጉ ቢጠፋ ግን በሮቶ ውኃ ለጋ ዛፍ ማቆየት ይከብዳችኋልና ክረምቱን ጠብቁ።

ችግኝ ሲገዙ ረጅሙን አይምረጡ። ከረጢቱ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ከታች ተጠምጥሞ ይገኛል፤ የከረጢቱን ግርጌ ገለጥ አድርገው ይዩት። ሥሩ እንደ ገመድ ዙሮ ዙሮ ከተጠቀለለ፣ ቅጠሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይተውት። ግንዱ የእርሳስ ያህል የወፈረ፣ ቅጠሉ ያልጠወለገ፣ ሥሩ ነጣ ብሎ ገና ወደ ከረጢቱ ጠርዝ የደረሰውን ይምረጡ። ለፖሙም ሁለቱ ዝርያዎች በስማቸው ተለይተው መሰጠታቸውን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ሻጩ ዝርያውን መናገር ካልቻለ ከሌላ ችግኝ ጣቢያ ይፈልጉ።